ውሃ የሚወድ አበባን ስለ መትከልና ስለ መጠበቅ

የሰው ልጅ ከምግቡና ከልብሱ ቀጥሎ ደጁን ማሳመር የሚወድ ፍጥረት ነው። ስለዚህም አበባ መትከል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በደጁ አበባ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ጕድፉን ይጠርጋል፤ የቆመውን ውሃ መውረጃ ያበጅለታል፤ አጥሩን ያጠብቃል፤ ልጆቹም አንድ ነገር በየዕለቱ ሲጠበቅና ሲያድግ እያዩ ትዕግሥትን ይማራሉ። ነገር ግን መውደድ ብቻውን አይበቃም። በክረምት በደስታ የተተከለው አበባ በበጋው መካከል ጠውልጎ፣ በሚያዝያም ደረቅ አገዳው ብቻ ቀርቶ በየግቢው ይታያል። እንዲህ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ተካዩ አበባውን ስለ ጠላው ሳይሆን ጠባዩን ሳያውቅ ስለ ተከለው ነው።

ይህ ነገር ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ጳውሎስ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ለሚኖር ሰው በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ሥር የተዘረጋ ደጋ ነው፤ ከፍታውም ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ፣ ወደ ተራራው ሲወጡም ከዚያ የሚያልፍ ስለ ሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ክረምቱም ይበረታል። ከተራራው የሚነሡት ጅረቶች ሰፈሮቹን እየከፈሉ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እንዲህ ላለ ምድር የሚስማማ፣ አንድ ጊዜ ከተተከለም ለብዙ ዓመት የሚኖር፣ ርጥበትን የሚወድ አበባ አለ፤ እርሱም ካላ የሚባለው ነጭ አበባ ነው።

ካላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ሰፊና ለምለም፣ ቅርጹም የጦር ጫፍ የሚመስል ነው። ሰው ሁሉ አበባ የሚለው ነጩ ክፍል በእውነቱ አበባ አይደለም፤ እንደ መለከት አፍ ተጠቅልሎ የተከፈተ አንድ ነጭ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ በቆመው ቢጫ ዘንግ ላይ ተጣብቀው የሚገኙት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ ከላይ ያሉት ወንዴዎች፣ ከታች ያሉት ሴቴዎች ናቸው። በአፈር ውስጥ ደግሞ የእንሰትን አሚቾ አሳንሶ የሚመስል ወፍራም ሥር አለው። የአበባው ሕይወት ያለው በዚህ ሥር ነው፤ ቅጠሉ ቢጠፋ እንኳ ሥሩ ከዳነ አበባው አልሞተም።

የዚህ አበባ የሊቃውንት ስም ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ ነው። ኤቲዮፒካ ማለት የኢትዮጵያ ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ የአገሬ አበባ ነው ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የአበባው የትውልድ አገር የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ይኸውም ደቡብ አፍሪካና በአጠገቧ ያሉት ሌሶቶና ኤስዋቲኒ ናቸው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ ካላ ኤቲዮፒካ ብሎ ጻፈው። በ1826 ዓ.ም. ደግሞ ኩርት ስፕሬንግል የተባለ ጀርመናዊ የፊተኛውን ስም ለውጦ፣ ዛንቴዴስኪ በተባለ ኢጣሊያዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ስም ሰየመው፤ ኤቲዮፒካ የሚለው ስም ግን እንዳለ ቀረ።

እንዲህ የተባለበትም ምክንያት የታወቀ ነው። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንትም ኩሽ የሚለውን ስም ኢትዮጵያ ብለው እንደ ተረጐሙት ካህናቱ ያውቁታል። በኋላ ዘመን የተነሡ የአውሮፓ ጸሐፊዎችም ይህን ልማድ ተከትለው የአፍሪካን ደቡብ እስከ ኬፕ ድረስ በዚሁ ስም ጠሩት። ይህን ነገር የበለጠ የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ሊኔየስ በዚያው በ1753 ዓ.ም. መጽሐፍ የኢትዮጵያን ቡና ኮፌያ አራቢካ፣ ማለት የዐረብ ቡና ብሎ መጻፉ ነው። ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የኬፕ አበባ ለኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ቡና ለዐረብ ተሰጠ ማለት ነው።

በዚህ አንጻር በእውነት የኢትዮጵያ የሆነና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮው የማይገኝ የደጋ አበባ አለ፤ በአንዳንድ አገር አሽንዳ ይሉታል። አበባው እንደ ችቦ የቆመ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ ከሩቅ የሚያበራ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ከሥሩ የሚያቈጠቍጥ ነው። የሊቃውንት ስሙ ግን ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ይባላል፤ ይኸውም በ18ኛው መቶ ዓመት በኤርፉርት ከተማ ሐኪምና መምህር በነበረው በጀርመናዊው በክኒፎፍ ስም ነው። የኢትዮጵያን ስም የያዘው አበባ የባዕድ አገር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የሆነው የባዕድ ሰው ስም ይዞ ይኖራል። እንግዲህ አበባን በስሙ መመዘን ያሳስታል። አትክልተኛ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ ይህ አበባ ምን ይባላል የሚል ብቻ ሳይሆን፣ በአገሩ በምን ዓይነት ምድር ላይ ይበቅላል የሚል ነው።

አንድ ሌላ ስሕተትም አስቀድሞ መታረም ይገባዋል። አውሮፓውያን ይህን አበባ በልማድ ሊሊ እያሉ ስለሚጠሩት፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ስሙ የሚነሣው የሜዳ አበባ ይህ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ካላ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከደቡብ አፍሪካ ወጥቶ በሌላው ዓለም አይታወቅም ነበር፤ ስለዚህ የቅድስት አገር የሜዳ አበባ ሊሆን አይችልም። በዘርም ቢሆን ከሊሊ ወገን አይደለም። ዘመዱ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ሰው ለምግብ የሚተክለው ጎደሬ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ቅጠላቸውን ለተመለከተ ዝምድናቸው አይሰወረውም። ይህን ዝምድና ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ በታች ይነገራል።

ካላ በአገሩ የሚበቅለው በረግረግ ዳር፣ በጅረት አፋፍና በክረምት ውሃ በሚተኛበት መስክ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እንኳ ቆሞ ይኖራል። ከውሃ ጋር ለመኖር የተፈጠረ መሆኑን ሰውነቱ ይመሰክራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ከሚፈልገው በላይ የሆነ እንደ ሆነ፣ ትርፉን በቅጠሉ ጫፍ እያንጠባጠበ ያስወጣዋል። በማለዳ በቅጠሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጠብታ ሁሉ ጤዛ አይደለም፤ አበባው ራሱ ያፈሰሰውም አለበት።

ከዚህም የበለጠ ለአትክልተኛ የሚጠቅመው የዕረፍቱ ሥርዓት ነው። በኬፕ አካባቢ ዝናብ የሚዘንበው በብርድ ወራት ስለ ሆነ ካላ በሞቃቱ ደረቅ ወራት ቅጠሉን ጥሎ ያርፋል። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግን ዝናቡ በሙቀት ወራት ስለሚዘንብ፣ በዚያ ያለው ካላ የሚያርፈው በብርድ ወራት ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ በማይለየው ረግረግ ያለው ደግሞ ከነጭራሹ አያርፍም፤ ሁልጊዜ ለምለም ነው። ስለዚህ የዚህን አበባ ዕረፍት የሚወስነው የወሩ ስም ሳይሆን የውሃው መኖርና አለመኖር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ካላን በጉለሌ እንዴት እንደሚያሳድገው ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚዘንበው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐዩ ይበረታል፤ አፈሩም ይደርቃል። እንግዲህ ለካላ በጉለሌ የሚያስፈራው ብርዱ ሳይሆን በጋው ነው። ተካዩ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በተፈጥሮው ርጥበት የማይለየውን ቦታ መርጦ ዓመቱን ሙሉ ለምለም አድርጎ ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለው በበጋ ቅጠሉን እንዲጥል ትቶ ሥሩን ብቻ ከጽኑ ድርቀት እየጠበቀ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነው። ሁለቱም መልካም ነው። የማይጠቅመው ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም በደረቅና በተጋለጠ ቦታ ተክሎ አንድ ሳምንት አብዝቶ አጠጥቶ ሦስት ሳምንት መርሳት ነው።

ቦታ ለመምረጥ ከሁሉ የሚሻለው ብልሃት በክረምት ዝናቡ ባባራ ጊዜ በግቢው ዞሮ ማየት ነው። ውሃው የሚሄድበትንና የሚዘገይበትን ሥፍራ ምድሩ ራሱ ያሳያል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው አሸንዳ የሚያፈስበት ሥፍራ፣ የቦይ ዳር፣ የውሃ ቧንቧ መቅጃ ግርጌ፣ ጧት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት የቤት ጎን ለካላ የተመቹ ናቸው። ርጥበቱ የተሟላ ከሆነ ሙሉ ፀሐይን ይችላል፤ ርጥበቱ ካነሰ ግን ጥላ ያሻዋል። ጥላው ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን መትከል ከንቱ ድካም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱን የማገዶ ችግር ያቃለለው ይህ ዛፍ እንጦጦንና ጉለሌን ቢሸፍነውም፣ ሥሩ የአካባቢውን ርጥበት ስለሚመጠው ውሃ ለሚወድ አበባ መልካም ጎረቤት አይደለም።

ለመትከል የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ ያለው የሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው። በዚህ ጊዜ የተተከለው ሥር ከጥቅምት በፊት መሬት ለመያዝ በቂ ወራት ያገኛል። ጕድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ይቆፈርና አፈሩ ከበሰበሰ የከብት ፍግ ወይም ከቅጠል ብስባሽ ጋር ይቀላቀላል። ጥሬ ፍግ ግን ሥሩን ስለሚያቃጥለው አይገባም፤ የበሰበሰውም ቢሆን ሲበዛ ቅጠሉን አወፍሮ አበባውን ያሳንሰዋል። ሥሩ ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ፣ አናቱ ከአፈሩ ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ክንድ ያህል መራቅ አለበት፤ ሰፊ ቅጠል ስላለው ተጠጋግቶ ሲተከል እርስ በርሱ ይጣላል። ከተተከለ በኋላ በዙሪያው ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ማልበስ ርጥበቱን ያቆይለታል፤ አረሙንም ያዳፍናል።

ደጅ የሌለው ሰውም ከዚህ ደስታ አይከለከልም። ከጳውሎስ ሰፈር ብዙ በማይርቀው በቀጨኔ የሚኖሩት ባለሙያ ሴቶች የሚሠሩት የሸክላ ዕቃ ለዚህ ይሆናል። ለካላ የሚሆነው ማሰሮ አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱም ከ30 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ቢሆን ይመረጣል። ከሥሩ ቀዳዳ ተበጅቶለት ውሃ በያዘ ሳህን ላይ ቢቀመጥ አበባው የሚያስፈልገውን ከታች ይጠጣል። ሸክላ ግን በጎኑ ርጥበት እንደሚያስተነፍስ፣ በእንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ በማሰሮ ያለው በምድር ካለው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

ውሃ በማጠጣት ነገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ካላ ውሃ ይወዳል ማለት በየቀኑ የአፈሩን ፊት ማርጠብ ማለት አይደለም። ሥሩ ያለው በጥልቀት ስለ ሆነ በየዕለቱ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል። ለመፈተንም ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ ማግባት ይበቃል፤ ጣቱ ርጥበት ካገኘ ማጠጣት አያስፈልግም፤ ደረቅ ካገኘ ጊዜው ደርሷል። ሰዓቱም ጧት ወይም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው።

የውሃውም ዓይነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ በብዙ ድካምና ወጪ የሚገኝ የሰው መጠጥ ነው፤ በብዙ ሰፈርም በፈረቃ የሚደርስ ነው። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ወረፋ በሚጠብቅበት ቀን ንጹሕ ውሃ በአበባ ላይ ማፍሰስ ደጁን ቢያሳምርም ምግባርን አያሳምርም። ደግነቱ ካላ የተመረጠ ውሃ አይሻም። አትክልትና እህል የታጠበበት እጣቢ፣ ከጣሪያ ላይ በበርሜል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ፣ እጅ የታጠበበትም ውሃ ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና የበዛበትና ቅባት ያለው ውሃ ግን አፈሩን ስለሚያበላሸው መራቅ አለበት። እንዲህ ሲሆን አበባው የሰውን ውሃ የሚሻማ ሳይሆን ከቤት ተርፎ ወደ ደጅ የሚፈሰውን መልሶ ወደ ውበት የሚለውጥ ይሆናል።

አበባውን ለመቍረጥ የሚሻ ሰው በመቀስ ከመካከሉ ከሚቈርጠው ይልቅ አገዳውን ከግርጌው ይዞ በጥቂቱ ጠምዝዞ ቢስበው ይወጣለታል፤ በዚህም በሥሩ ላይ የሚበሰብስ ጕቶ አይቀርም። በውሃ ውስጥ የተቀመጠ አበባ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ቢጫ የሆነው ቅጠል ይለቀማል። በ3 ወይም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ሥሩ ተባዝቶ ስለሚጨናነቅ ተቆፍሮ፣ እያንዳንዱ ክፋይ ቡቃያ እንዲኖረው ተደርጎ ተከፍሎ እንደ ገና ይተከላል። አንዱ ሥር ለብዙ ደጅ የሚዳረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ካላ ጎረቤት ለጎረቤት ያለ ገንዘብ የሚሰጣጠው አበባ ሊሆን ይችላል።

ከበሽታው የሚከፋው የሥር መበስበስ ነው። ቅጠሉ ውሃ እያለ ከጠወለገ፣ ሥሩም ተቆፍሮ ሲታይ የላመና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ሕመሙ ይህ ነው። የበሰበሰው ሥር ከነአፈሩ ተነቅሎ መጣል አለበት፤ ቢላዋውና ዶማውም ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው መሄድ የለበትም። በቅጠሉ ሥር የሚሰፍሩትን ጥቃቅን ተባዮች በቀላል የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ቅጠል የሚበላውን ቀንድ አውጣ ደግሞ ሲመሽ በእጅ መልቀም ከመድኃኒት ሁሉ የቀለለ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ካላ ሲያዩት የዋህ ቢመስልም ሲበሉት ይጎዳል። በቅጠሉ፣ በአገዳውና በሥሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉበት። የጎደሬ ዝምድናው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ጎደሬን በጥሬው የቀመሰ ሰው አፉን እንደሚያሳክከውና እንደሚያቃጥለው ያውቃል፤ ምክንያቱም አንድ ነው። ጎደሬን ግን አባቶች በማብሰል ለምግብ አብቅተውታል፤ ካላ ለምግብ የሚተከል አይደለም፤ ቅጠሉና ሥሩ ስለሚመሳሰሉም ሁለቱን በአንድ መደብ ላይ መትከል አደጋ ነው። ካላን ያኘከ ሕፃን አፉና ምላሱ ይቃጠላል፤ ከንፈሩ ያብጣል፤ ልጋጉም ይዝረከረካል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ አፉን ጠርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይገባል፤ እንዲያስታውከው ማስገደድ ግን አይገባም። እብጠቱ ወደ ጕሮሮ ከሄደ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ስለዚህ ሕፃናት በሚውሉበት ትምህርት ቤት ግቢና ከብት በሚታሰርበት ደጅ ካላን አለመትከል ብልህነት ነው። ሥሩን የሚከፍል ሰውም እጁን በጓንት ቢሸፍን፣ ከሥራ በኋላም ሳይታጠብ ዓይኑን ባይነካ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ጅረቶቹ ነው። ካላ ወደ አውስትራሊያ ምዕራባዊ ክፍልና ወደ ኒው ዚላንድ ለጌጥ ተወስዶ ከሰው ደጅ አመለጠ፤ ፍሬውን ወፎች እየዘሩት፣ ሥሩም በጎርፍ እየተወሰደ የጅረት ዳር ያዘ፤ ዛሬ በእነዚያ አገሮች በብዙ ድካም የሚነቀል አረም ሆኗል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በጉለሌ ደጆች ሥር አልፎ ወደ ከተማው መካከል የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በላይኛው ሰፈር የተጣለ ሥር በታችኛው ሰፈር ሊበቅል ይችላል። እንግዲህ የሚተክለው ሰው ፍሬው ሳይበስል የጠወለገውን አበባ ይልቀም፤ የተነቀለውንም ሥር ወደ ጅረት አይጣል። የወንዝ ዳር ለአገሩ ዕፀዋት የተገባ ነው። በዚያው በጉለሌ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት፣ ወደ 705 ሄክታር የሚሰፋው የዕፀዋት ማዕከል የአገሩን ዕፀዋት ለመጠበቅና ለማስተማር የቆመ ነውና፣ ለወንዝ ዳር የሚሆነውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ከዚህ በላይ የተነገረው ለባለ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሕዝብን ለሚያስተዳድሩ ሹማምንትም ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራና የሸገር የወንዝ ዳርቻ ሥራ ከተጀመሩ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ በኋላ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ዳርና በመሥሪያ ቤት ግቢ ብዙ ዛፍና አበባ ተተክሏል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን መጠበቅ የዓመት ሥራ ነው። በሐምሌ ሁሉ ነገር ይለመልማልና ሐምሌ ምስክር አይሆንም፤ የተካይ ትጋት የሚታወቀው በሚያዝያ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት አበባ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይገባዋል፤ በበጋ የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? የሚጠብቀው ሠራተኛ ማን ነው? በሚያዝያ የተረፈውን ማን ይቆጥራል? ለእነዚህ መልስ ካልተገኘ በአበባው የወጣው ገንዘብ በቦይ እንደ ፈሰሰ ይቆጠራል። አትክልተኛውም ደመወዙ ትንሽ ስለ ሆነ ሥራው ትንሽ ነው ተብሎ መታሰብ የለበትም፤ የቦታውን ርጥበት፣ የአበባውንም ጠባይ የሚያውቅ አትክልተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ብዙ ወጪ ያድነዋል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ጫካው በተመነጠረበት አገር እንኳ ጽዱና ወይራው ተጠብቆ የተገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ይህ የአባቶች ሥራ ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ ሲተከል የቆየውን ዛፍ ለማንሣት ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ካላ ቦታው ከጣሪያው አሸንዳ ሥርና ከቦዩ ዳር ነው እንጂ ከወይራው ቦታ አይደለም። ደግሞም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው የ40 ቀን ዘመነ ጽጌ፣ ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆምበት ጊዜ፣ በምድር ላይ ዝናቡ የሚያቆምበትና አፈሩ መድረቅ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። አበባ በቃል በሚመሰገንበት በዚያ ወራት በቅጥሩ ውስጥ ያለው አበባ የሰው እጅ መሻት ይጀምራል። ካህኑ ይህን ለተማሪዎቹ ቢያሳስብ፣ ተማሪዎቹም በየተራ ቢያጠጡ፣ የተማሩትን በሥራ ያዩታል።

አበባ ያላትን ታሳያለች እንጂ የጎደላትን አትናገርም። ጥም ሲይዛት አትጮኽም፤ ቅጠሏን ብቻ ታዘነብላለች፤ ያንን ምልክት አይቶ ውሃ የሚያመጣ ሰው ካላገኘች በዝምታ ትደርቃለች። ስለዚህ በጳውሎስም ሆነ በሌላው ሰፈር ካላን ለመትከል የሚያስብ ሁሉ፣ አስቀድሞ በክረምት የውሃውን መንገድ ይመልከት፤ የሕፃናቱንና የጅረቱን ነገር ያስብ፤ በበጋ ማን እንደሚያጠጣው ይወስን። ይህን ሳያደርግ ከሚተክል ሰው ይልቅ አንድ ሥር ብቻ ተክሎ እስከ ሚያዝያ የሚጠብቅ ሰው ደጁንም አገሩንም ይበልጥ ይጠቅማል።